ወረቀት የሌለው አርበኛ

ናርኬልዶባ፣ ጁን 4 ቀን 1972

ለአጎቴ ለካካ ቢኖይ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ደብዳቤህ ከደረሰን ሦስት ሳምንት አልፎታል። «ምነው ዝም አላችሁ?» ላልከው፣ እኛ ዝም አላልንም። ዝም ያሉት አባትህ፣ አያቴ ዳዱ ናቸው፤ የዳዱ ዝምታ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ ጩኸት ስለሚበልጥ ብዕር ያስጥላል። ከዚህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ላሟም ደህና ናት። እናትህ ታኩማ «ወይ ጉልበቴ» ይላሉ፤ ትናንት ግን የጎረቤት ፍየል አሯሩጠው በቀንዱ ይዘዋል።

«እውነት እህል አይቀምሱም?» ብለሃል። ይቀምሳሉ። የማይቀምሱት ሰው ሲያያቸው ብቻ ነው። ሁላችንም ዞር ስንል የሩዙ ድስት ይጎድላል፤ እኛም ድመቷን እንሰድባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣን በመጪው ኦገስት አሥራ አምስት ሃያ አምስት ዓመት ይሞላናል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊቆም ነው፤ በ1942ቱ አመፅ ከእንግሊዝ ጋር የተጋፈጡት የመንደራችን ሰዎች ስም ይቀረጽበታል። ኮሚቴውን የሚመሩት ዋና መምህራችን ሽሪፖቲ ናቸው። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ በአርባ ሁለት ጥርስ አላወጡም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ኮሚቴው ሕግ አወጣ፦ ስሙ እንዲጻፍለት የሚፈልግ በእንግሊዝ ዘመን የታሰረበትን ወረቀት ያምጣ።

ዳዱ ደግሞ አልታሰሩም።

«የቴሌግራፉን ሽቦ ቆርጠናል፤ የወንዟንም ድልድይ አፍርሰናል» አሉ ኮሚቴው ፊት ቆመው። ዋና መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣ «አቶ ኒባረን፣ ማስረጃ?» አሉ። «ድልድዩ ራሱ! ይኸው እስከ ዛሬ ፈርሶ የለም?» አሉ ዳዱ።

ይሄ እንኳ እውነት ነው ካካ። ነጻ ከወጣን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የጠገነው የለም። እኔም ክረምት ክረምት ጫማዬን በራሴ ላይ አድርጌ ጭቃውን እሻገራለሁ። ዋና መምህሩ በየዓመቱ «የቅኝ አገዛዝ ቅርስ ነው» እያሉ ንግግር ያደርጋሉ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ፣ «ያፈረስነው እኛ፣ ያልጠገንነው እኛ፤ ታዲያ እንግሊዝ ምን አደረገ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥግ ላይ ቆሜ ዋልኩ።

ቤት ስንመለስ ዳዱ፣ «አለመያዜ ነው ጥፋቴ? ጎበዝ ሌባ አይያዝም!» ብለው ጮኹ። «ሌባ ነበሩ እንዴ?» አልኳቸው። ጫማቸውን ወረወሩብኝ፤ ሳቱኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ዝም ያሉት።

በጣም ያቃጠላቸው ግን የሆሪፖዶ ነገር ነው። የዳማ ጓደኛቸውን ሆሪፖዶ ቤራን ታስታውሳቸዋለህ። የእሳቸው ስም ከድንጋዩ አናት ላይ ይጻፋል። ስድስት ወር ታስረዋል፤ ወረቀቱም አላቸው። እንዴት እንደታሰሩ አገር ያውቃል፦ ገበያ ዳክዬ ሊሸጡ ሄደው፣ ፖሊስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሳቸው ዳክዬዋን አልለቅም ብለው ተያዙ። ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የሚያወሩት። «ዳክዬዬን ብለቅ ኖሮ ዛሬ ጀግና አልባልም ነበር» ይላሉ።

ዳዱ «ድንጋይ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ። ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋቸው። ድንጋዩ ሣር ላይ ተጋድሟል። ከታችኛው ጠርዝ ባዶ ቦታ ቀርቷል። ዳዱ ግራ ቀኝ አይተው መዳፋቸውን እዚያ ላይ ዘረጉና ለኩት። ልክ አንድ መዳፍ ነው። የአንድ ሰው ስም ያህል።

ስለዚህ ካካ፣ አንተ እዚያው እንግሊዝ አገር ነህ። እንግሊዝ የእኛን ወረቀት ሁሉ ጭኖ የሄደው ወደዚያ ነው ይባላል። አንድ ቦታ «ኒባረን ጃና መጥፎ ሰው ነው» ብለው ጽፈው ይሆናል። ፈልግልን። መጥፎነታቸውን የሚመሰክር አንድ መስመር ይበቃናል።

የወንድምህ ልጅ
ጁኢ


ሎንደን፣ ጁን 21 ቀን 1972

አንቺ ምላሰኛ፣

አዎ፣ ወረቀቱ ወዳለበት መዝገብ ቤት ሄጃለሁ። አይ፣ «ንግሥቲቱን» አላየኋትም፤ ሁለተኛም እንዳትጠይቂኝ። የላክሽው የኮመጠጠ ማንጎም ደርሷል፤ ማሰሮው በመንገድ ስለተሰበረ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ለሦስት ቀን ሰላምታ ነስቶኛል።

መዝገብ ቤቱ ዝም ብለሽ የምትገቢበት ቦታ አይደለም። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ ጠባዬ የተመሰገነ መሆኑን አንድ የታወቀ እንግሊዛዊ በፊርማው ያረጋግጥልኝ አለችኝ። ያለኝ እንግሊዛዊ የአውቶቡስ አለቃዬ ብቻ ነው። «ቢኖይ ጃና ጥሩ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ሰዓት ያከብራል» ብሎ ጻፈልኝ። አስቢው እንግዲህ፦ አባቴ ለእነሱ መጥፎ ሰው እንደነበረ ለማንበብ እኔ ለእነሱ ጥሩ ሰው መሆኔን ማስመስከር ነበረብኝ። ብዕርም ከለከሉኝ። በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው።

ወረቀቱ ተራራ ነው። የእያንዳንዱን ወረዳ ዝናብ፣ የጠፋ በቅሎ፣ የሞተ ዝሆን ሁሉ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን በረሃብ ያለቀውን ሕዝባችንን ግን አንድ ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት፤ ያም ከዝሆኑ ያጥራል።

የሴፕቴምበር አርባ ሁለትን የወረዳችንን ሪፖርት አግኝቻለሁ። የአባባን ስም አይቻለሁ።

አሁን ከዚህ በላይ አልጽፍም። በመጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ያን ቀን አባባ የት ቆመው ነበር? እንደ ፖሊስ አትጠይቂ። እንደ ልጅ ጠይቂ። የምትችዪ ከሆነ።

ካካሽ


ናርኬልዶባ፣ ጁላይ 2 ቀን 1972

ካካ፣

እንደ ልጅ ጠየቅኩ። እንደ ሽማግሌ መለሱልኝ፤ ማለትም አልመለሱልኝም። «የት ቆመው ነበር?» ስላቸው «በእግሬ ላይ» አሉኝ።

ስለዚህ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ዞርኳቸው። የሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ አራት ናቸው፤ እዚያ ተቀምጠው የቬትናምን ጦርነት ይመራሉ። «አሜሪካ በግራ በኩል ተሳስታለች» ይላሉ፤ የሻዩን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ግን እስካሁን አልተስማሙም። ስለ ሽቦው ብጠይቃቸው አንደኛው «በመጥረቢያ ነው የተቆረጠው» አሉ። ሁለተኛው «በዓሣ ቢላዋ ነው፤ የእኔ እናት ቢላዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዓሣ ቆርጦ አያውቅም» አሉ። ሦስተኛው «እኔ በጥርሴ ነው የቆረጥኩት» አሉ፤ ጥርስ የላቸውም። አራተኛው ተኝተው ነበር፤ ሲነቁ «ያኔም ተኝቼ ነበር» አሉ። ከአራቱ ያመንኩት እሳቸውን ብቻ ነው።

ግራ ገባኝና ወደ ታኩማ ሄድኩ። ልብስ እያሰጡ ነበር። «ሽቦውን? እውነትም ቆርጠዋል» አሉኝ። «በምን አወቁ?» ስላቸው በእርጥብ ሳሪያቸው ጆሮዬን መቱኝና፣ «ልብሱን ምን ላይ ያሰጣሁት ይመስልሻል?» አሉ።

ካካ! የጓሯችን ማስጫ! አንተም የሕፃንነት ሱሪህ የደረቀው በእንግሊዝ የቴሌግራፍ ሽቦ ላይ ነው። ግዛቱ ሁሉ መልእክት ያስተላልፍበት የነበረው ሽቦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታኩማን የውስጥ ልብስ ተሸክሞ ኖረ። ሮጬ ለዋና መምህሩ ነገርኳቸው። መጥተው አዩ፤ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ «ሽቦ ወረቀት አይደለም» ብለው ሄዱ።

ታኩማ ሌላም ነገሩኝ። ቆራጮቹ ሁለት ነበሩ። ፖሊስ በመኪና ሲመጣ ከነሽቦው የሚታኘከውን የፓን ቅጠል የምናበቅልበት ጓሯችን ውስጥ ገብተው ተደበቁ። ዳዱ መንታ መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። «ከዚያስ?» አልኳቸው። «ከዚያማ ፖሊሶቹ ወደ ሌላ ሄዱ» አሉና ፊታቸውን ወደ ልብሱ አዞሩ።

ምን አየህ እዚያ ወረቀት ላይ? አትደብቀኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ፊልም ቤት ብቻዬን እገባለሁ።

ጁኢ


ሎንደን፣ ጁላይ 14 ቀን 1972

ጁኢ፣

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩ። አዎ፣ ያልሽው ቦታ ነው፤ መንታ መንገዱ። ይህን ደብዳቤ እናትሽ እንዳታየው።

ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት የሪፖርቱ ግልባጭ ነው፤ በእርሳስ፣ ቃል በቃል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙን በቤንጋሊኛ እዚህ ልጻፍልሽ፦ «የናርኬልዶባው ኒባረን ጃና፣ ታማኝና ተባባሪ ሰው፣ ወንበዴዎቹ ወደ ገበያ መሸሻቸውን በገዛ ፈቃዱ ጠቁሟል። በጥቆማው መሠረት ገበያው ተከቦ አሥር ሰዎች ተይዘዋል። ምስጋና ተሰጥቶታል።» ከሥሩ የአሥሩ ስም አለ። ሦስተኛው ሆሪፖዶ ቤራ ነው።

እኔ የሚመስለኝ አባባ ጓደኞቻቸውን ለማዳን ፖሊሶቹን አሳሳቷቸው። ገበያ የሰው ባሕር ነው፤ ማንንም አያገኙም ብለው አሰቡ። ግን የሚመስለኝ ነው የምልሽ። ወረቀቱ ሌላ ይላል። ያን ቀን የሆነውን የጻፉት እነሱ ናቸው፤ እኛ አልጻፍንም። ስለዚህ በእነሱ መዝገብ የተጣላቸው ሁሉ ወንበዴ፣ የሸወዳቸው ደግሞ ታማኝ ሆኖ ቀረ። ሰባት ዓመት እዚህ ስኖር ስለ እኛ የሚያወሩትን ስሰማ «ውሸት ነው» ማለት ይቀለኝ ነበር። ስለ አባቴ ሲሆን አፌ ተሳሰረ።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺ አታውቂም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ትልቁ አውሎ ነፋስ መጣ። ሆሪፖዶ እስር ቤት ነበሩ። ሌላ ልጅ ያልነበራቸው እናታቸው ጎጇቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ባሕሩ ከነጎጇቸው ወሰዳቸው።

እርሳሱ በእጄ ነው። «ታማኝ» የሚለውን ብተወው፣ ከሁለተኛው መስመር ብጀምር፣ ስማቸውን ከአሥሩ ጋር አንድ ላይ ብጽፈው፣ ሽሪፖቲ ሎንደን ድረስ መጥተው አያመሳክሩም። በል ካልሽኝ አዲስ ጽፌ እልካለሁ። እስከ በዓሉ ይደርሳል።

ምን ላድርግ ንገሪኝ። ልጅ መጠየቄ ያሳፍረኛል።

ቢኖይ


ናርኬልዶባ፣ ጁላይ 27 ቀን 1972

ካካ፣

አትላክ። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ልሳደብ፦ እንዲህ ያለ ነገር ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይጻፋል? ፊልም ቤት ብቻዬን የምገባው ለአስቂኝ ፊልም ነው!

ወረቀቱን የሂሳብ መጽሐፌ ውስጥ ደበቅኩት። ማንም ከፍቶት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። ሦስት ቀን ዳዱን ሳያቸው ሁለት ሰው ይመስሉኝ ነበር። ሆሪፖዶ ለዳማ ሲመጡ ዳዱ እንደ ሁልጊዜው ተሸነፉላቸው። ድሮ «ዳዱ ዳማ አይችሉም» እያልኩ አሾፍ ነበር። አሁን ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን አየሁት። አንድ እርምጃ ነው የቀራቸው፤ አይተውታል፤ እጃቸው ሄዶ ተመለሰ። የዛፋችን የመጀመሪያው ማንጎ በየዓመቱ ለምን ወደ ሆሪፖዶ ቤት እንደሚሄድም ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። ይቅርታ መጠየቂያ ነው? ወይስ ጓደኝነት ብቻ ነው? ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማንጎ ይዋሻል?

በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳዱ የእኔን የሂሳብ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። «ውጤትሽ ለምን እንደሚያንስ ላይ ብዬ ነበር» አሉ። የእንግሊዝ መነጽራቸውን አድርገው የእንግሊዝን ወረቀት አንብበውታል። እንግሊዝን የሚሰድቡትም በዚያው መነጽር ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን እነግራቸው ነበር። አልነገርኳቸውም።

«ካካ ሊያስተካክለው ይችላል» አልኩ በፍጥነት። «ላዩን ትቶ ታችኛውን ብቻ...»

«ቆርጦ?»

«ትንሽ ብቻ።»

«እንግሊዞቹስ ከመቁረጥ ሌላ ምን አደረጉ?» አሉ ዳዱ። ከዚያ «ገበያ ያልኩት ሰው ስለሚበዛ ነው። ሰው ሲበዛ ማንም አይያዝም ብዬ ነው። ዳክዬ የሚይዝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። ለእኔ ይሁን ለወረቀቱ የነገሩት አላውቅም።

«ታዲያ እርስዎ ምን ነበሩ?» አልኳቸው።

ጫማ ይወረውራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልወረወሩም። ቢወረውሩ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሆሪፖዶ ቤት ሄዱ።

ጃንጥላውን ረስተው በዝናብ ተመለሱ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም። ታኩማ የረጠበውን ሸሚዝ ሲያጥቡ ወረቀቱም አብሮ ታጠበ። አሁን እዚያ ሽቦ ላይ ተሰጥቷል። በብዕር ቢሆን ለቆ ይጠፋ ነበር፤ እርሳስ ግን በውሃ አይለቅም። «ታማኝና ተባባሪ» ከታኩማ ሳሪ አጠገብ በነፋስ ይወዛወዛል።

ሆሪፖዶ ለዳማ መምጣት አቁመዋል። ጃንጥላውንም አልመለሱም።

ጁኢ


ናርኬልዶባ፣ ኦገስት 17 ቀን 1972

ካካ፣

ለመጀመሪያው ጥያቄህ፦ አዎ፣ ዳዱ ይበላሉ፤ አሁን ሰው እያያቸው። ለሁለተኛው፦ አይ፣ ስማቸው ድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። ለሦስተኛው፣ ሆሪፖዶ ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ፣ ራስህ ፍረድ።

ሆሪፖዶ አሥራ ስምንት ቀን ቀሩ። ዳዱ በየቀኑ ዳማውን ደርድረው ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን አዝኜላቸው ተጫወትኩ። በአምስት ደቂቃ አሸነፉኝ፤ እንዴት እንደሚችሉ ያኔ አየሁ።

ባለፈው ሰኞ፣ ከበዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሆሪፖዶ ከሰዓት በኋላ መጡ። በአንድ ብብታቸው የዳዱን ጃንጥላ፣ በሌላው ብብታቸው አንዲት ነጭ ዳክዬ ይዘዋል። በሕይወት ያለች፣ በጣም የተቆጣች። ሰላምታ የለም። ዳክዬዋን ዳዱ ጭን ላይ አስቀመጧት።

«ስድስት ወር» አሉ።

«ምን?» አሉ ዳዱ።

«ስድስት ወር ትጠብቃታለህ። በእጅህ ታበላታለህ። ከእሷ ተለይተህ የትም አትሄድም፤ ገበያም፣ ሻይ ቤትም። አንድ ላባ ቢጎድልባት እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ።»

ዳክዬዋ ዳዱን ነከሰቻቸው። ዳዱ አልለቀቋትም።

«እናቴን ግን መልሰህ አታመጣም» አሉ ሆሪፖዶ።

«አላመጣም» አሉ ዳዱ።

ታኩማ እቃ ቤት ገብተው የማያስፈልግ ድስት ማጠብ ጀመሩ። ከዚያ ሆሪፖዶ የዳማውን ሰሌዳ አዩና፣ «ደግሞ አውቀህ አትሸነፍልኝ! ዕውር መሰልኩህ?» ብለው ጮኹ። ተጫወቱ። ዳዱ አሸነፉ። ሆሪፖዶ ሰሌዳውን ገለበጡት፤ «አጭበርባሪ! ድሮም ታማኝ!» አሉ። የሳቁ ይመስለኛል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

በማግስቱ በዓሉ ሆነ። ድንጋዩ ቆሞ በጨርቅ ተሸፍኗል። ዋና መምህሩ ስለ ኢምፔሪያሊዝም አንድ ሰዓት ተናገሩ፤ ሁለት ተማሪ ራሱን ስቶ ወደቀ። ዳዱ ከኋላ፣ ከሕፃናቱ ጋር፣ ዳክዬዋን ታቅፈው ቆመዋል። ከእሷ መለየት አይችሉማ። ጨርቁ ተገፈፈ። አሥሩ ስም አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ።

ከታች፣ አንድ መዳፍ በምታክለው ባዶ ቦታ፣ በሚስማር የተሞነጫጨረ ነገር አለ። አንገቱ ረዝሟል፤ እግሩ ሦስት ይመስላል። ግን ዳክዬ ነው።

«ማነው የአገር ድንጋይ ያበላሸው?» አሉ ዋና መምህሩ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «ይሄ ምንድን ነው? በምን ማስረጃ?»

ሆሪፖዶ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ፊት ወጡ። «እኔ ወረቀት አለኝ አይደል?» አሉ። «የእኔ ወረቀት ስድስት ወር የታሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ ይላል። የተያዝነው ግን ሁለት ነበርን። እኔን አሰሩኝ፤ እሷን እዚያው ጠብሰው በሏት። ከእኛ መካከል ለአገሯ የሞተች እሷ ብቻ ናት። ስሟን ማጥፋት የሚፈልግ በመጀመሪያ የእኔን ይፋቅ።»

የሻይ ቤቱ አራቱ አጨበጨቡ፤ የተኙትም ነቅተው አጨበጨቡ። ዳዱ ግን ድንጋዩ ላይ ያለውን ዳክዬ አተኩረው ያዩ ነበር። በጥፍራቸው ሥር ነጭ የድንጋይ ዱቄት አይቻለሁ። የሆሪፖዶንም ጥፍር ላይ ሄጄ አየሁ። እሳቸውም ላይ አለ።

ስለዚህ ካካ፣ ንገረኝ። ያ ዳክዬ የዳዱ ስም ነው? ወይስ የሆሪፖዶ እናት መታሰቢያ ነው? ምሕረት ነው? ወይስ መቼም እንዳይረሱት የተሰጣቸው ቅጣት? ከመቶ ዓመት በኋላ እዚህ የሚመጣ ሰው ምን ብሎ ያነበዋል? የእነሱ ወረቀት አንድ ነገር ይላል፣ የእኛ ድንጋይ ደግሞ ዳክዬ ይላል፤ እኔ ሁለቱንም አንብቤ ከሁለቱም ምንም አላወቅኩም።

በዚያው የበዓል ማታ ራት ላይ አላስቻለኝም። «ዳዱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩኝና ሁለተኛ አልጠይቅም» አልኳቸው። «ሁለታችሁ ያ ዳክዬ ሲሞነጨር ምን እያላችሁ ነበር?»

አባትህ ሩዛቸውን ከሁለት ከፈሉት። ግማሹን በሳህን ወደ እኔ ገፉና፣

«ሳይቀዘቅዝ ለእሷ ውሰጂላት» አሉኝ። «ገና አምስት ወር ከሃያ ስምንት ቀን ይቀረኛል።»

ጁኢ